አንድ ለቀኝ እግር፣ አንድ ለግራ

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣

እንዴት ሰነበትክ? ጤናህስ? ሥራውስ እንዴት ይዞሃል? ለክፍልህ መስኮት መጋረጃ አገኘህለት ወይስ ቀን ስትተኛ ፀሐይዋ አሁንም ዓይንህ ላይ ነው የምትወጣው? እኔ ደህና ነኝ። ባለቤቴም ደህና ነው፤ እንደ ልማዱ ዜና እየሰማ ያንኮራፋል፣ ሬዲዮውን ሳጠፋበት ደግሞ እያዳመጥኩ ነበር ብሎ ይቆጣል። ቤቱም የስፌት መኪናውም እንዳሉ ናቸው። ከእማ ደንበኞች ግማሾቹ ከእኔ ጋር ቀርተዋል። ግማሾቹ ደግሞ ያንቺም እጅ ጥሩ ነው፣ የእናትሽ ግን ሌላ ነበር እያሉ ሱሪያቸውን በጉያቸው ይዘው ይሄዳሉ። ይሂዱ፣ መንገዱን ጨርቅ ያድርግላቸው።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። አብሮት የላክህልኝ የኪኒን ጠርሙስም ሳይሰበር ደርሷል። ስለ እኔ እንቅልፍ ማሰብህ ደስ ብሎኛል፤ ግን ክዳኑን አልከፈትኩትም፣ በመኪናው መሳቢያ ውስጥ ከቁልፎቹ ጋር አስቀምጬዋለሁ።

አሁን አንድ ነገር ልንገርህ፣ ከዚያ በኋላ እንደፈለግህ ትቆጣኛለህ። አንተም የምትውጠውን ኪኒን ዛሬውኑ አቁም። ይህን ደብዳቤ አንብቤ ልጨርስና አትበል። ከዚያ ክሊኒክ ሂድና ደምህን ተቀዳ፣ ኩላሊትህን አስመርምር። ኩላሊትህ ደህና ነው ካሉህ እንደ ጥሬ ቆርጥመው፣ አፌን አልከፍትም። እስከዚያ ግን አንዲት ፍሬ እንዳትነካ። ከሥራ ስወጣ ጫማዬ አልወልቅ ይለኛል፣ ቁርጭምጭሚቴን በጣቴ ስጫነው ጎድጉዶ ይቀራል ብለህ ጽፈህልኛል። አንተ እያሾፍክ ነው የጻፍከው፤ የፋብሪካው ወለል እግሬን ዳቦ አደረገው ብለሃል። እኔ ግን አልሳቅኩም።

ለምን ትላለህ፣ አውቅሃለሁ። ልጅ ሆነህ ውሃ ጠጣ ስትባል እንኳ ለምን ሳትል አትጠጣም ነበር። በስልክ ልነግርህ አስቤ ደጋግሜ ደወልኩ፣ በደወልኩ ቁጥር ስለ አየሩና ስለ ባለቤቴ ማንኮራፋት አውርቼ ዘጋሁት። ድምፄ ያጋልጠኛል። ወረቀት ላይ ይሻላል፤ ሲከብደኝ ብዕሩን አስቀምጬ አንድ ጠርዝ ሰፍቼ እመለሳለሁ። እስካሁን እንኳ ሁለት ቀሚስ ጨርሻለሁ።

መጀመሪያ የጠየቅከኝን ልመልስልህ። እማ በመጨረሻ እንዴት ነበረች፣ የላክሁላት መድኃኒት ጠቅሟት ነበር ወይ፣ እንቅልፍ አግኝታ ነበር ወይ ብለሃል። በየደብዳቤህ ትጠይቀኛለህ፣ እኔም በየመልሴ ያላየሁ መስዬ አልፈዋለሁ። ገብቶሃል መሰለኝ፣ በዚህኛው ከሥሩ አስምረህበታል።

የእማን እግር መቼም አትረሳውም። ቀኑን ሙሉ ስትረግጠው የዋለችውን የመኪና መርገጫ ማታ ደግሞ ተኝታ ትቀጥለዋለች። አባባ በሕይወት ሳለ ይህች ሴት አንድ ቀን ከፍራሹ ጋር ትሰፋኛለች ብሎ ወደ ሌላ ክፍል የተሰደደው በዚሁ ጣጣ ነው። እኔና አንተ ከመጋረጃው ወዲህ ተጋድመን የአልጋውን ሲጥ ሲጥ እየሰማን ምን እየሰፋች እንደሆነ እንገምት ነበር። ረጅም ሄዶ ቆም ካለ ሱሪ ነው። አጭር አጭር፣ ቁርጥ ቁርጥ ካለ የቁልፍ ቀዳዳ። አንዴ አንተ ዚፕ ነው ብለህ፣ እኔ ኪስ ነው ብዬ ተጨቃጭቀን ቀስቅሰን ልንጠይቃት ሄድን፤ ለሁለታችንም እኩል ኩርኩም አቀመሰችን። እኛን እንቅልፍ የሚወስደን በዚያ ድምፅ ነበር። እሷ ግን እንቅልፍ የሚባል ነገር ከዓይኗ አይገባም፤ ጠዋት ስትነሳ ሌሊቱን ስትሠራ ያደረች ሰው ነው የምትመስለው፣ አድራለችም።

አንተ ደግሞ የጠርሙስ ፋብሪካው ፈረቃ እንቅልፍህን ሲነሳህ የሥራ ጓደኛህ ይህን ማግኒዚየም የሚሉትን ነገር ሰጠህ። ተኛህ። ሲሻልህ መጀመሪያ ትዝ ያለችህ እሷ ነበረች፤ ይህን አልረሳልህም። ጠርሙሱ የደረሰ ቀን በአንተ እጅ የተጻፈውን ልጥፍ አነበብኩላት፤ ማታ ማታ አንድ ፍሬ፣ በውሃ። ጠርሙሱን ለገባ ለወጣው ሁሉ እያንቃጨለች ልጄ እንቅልፍ በጠርሙስ ላከልኝ ትል ነበር። ቁመቱን ሊለካ የመጣ ሰው ሁሉ ስለ አንተ ሳይሰማ አይወጣም።

የመጀመሪያውን ውጣ በነጋታው ጠራችኝ። ቀኝ እግሬ አርፏል፣ ግራው ግን ሲረግጥ ነው ያደረው አለችኝ። ታዲያ አለችኝ፣ አንዱን ፍሬ ቀኙ ከበላው ግራው ምን በላ? ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ለቀኝ፣ አንድ ለግራ ሆነ። ቆየት ብላ ደግሞ እጆቼስ ምን አጠፉ፣ መቀስ የሚይዙት እነሱ አይደሉ እንዴ ብላ ለእነሱም ጨመረችላቸው። ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። ለጎረቤቱ ሁሉ አወራሁት፣ ጎረቤቱም ሳቀ። ባለቤቴ ለምላስሽም አንድ ጨምሪበት ብሏት በማስመሪያዋ አባረረችው።

እና አዎ ወንድሜ፣ ጠቀማት። እግሯ ዝም አለ። ያ ሁሉ ዓመት ሲረግጥ የኖረ እግር ብርድ ልብሱ ሥር ጸጥ ብሎ ማደር ጀመረ። ፊቷ ሞቅ አለ፣ ወዝ አወጣ፤ ያያት ሁሉ ልጅ ሆንሽ እኮ ይላታል። ምላሷ ትንሽ ከበድ ይላት ነበርና ጠጥተሻል እንዴ እማ ብዬ አሾፍኩባት፤ ልጄ ነው ያሰከረኝ አለች። መርፌው ከጣቷ ይወድቅ ነበር። ከምሳ በኋላ መኪናው ላይ እንዳቀረቀረች ጨርቁ ላይ ሸለብ ያደርጋት ነበር። የስንት ዘመን ድካም ነው የሚወጣላት ተባባልን። የእግሯ እብጠት ግን እንግዳ ነገር አልሆነብንም፤ የመርገጫው ነው፣ ከድሮም ሲመሽ ያብጥ ነበር።

በመጨረሻው ቀን ምሳ በላች፣ የአንድ ኮት ገበር ጀመረችና ጋደም ልበል፣ ባለኮቱ ሲመጣ ቀስቅሺኝ አለች። ባለኮቱ መጣ። መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ ሳያት ጉንጯን በመዳፏ ላይ አድርጋ እንደ ሕፃን ተኝታለች። እግሯ ጸጥ ብሏል። አንጀቴ አልቻለም። ባለኮቱን ነገ ና አልኩት፣ ጮክ ብሎ ሊከራከረኝ ሲል አፌ ላይ ጣቴን አድርጌ አስወጣሁት። ደጅ ኳስ የሚያንቀረቅቡትን ልጆች አባረርኩ። ባለቤቴ ጫማውን አውልቆ በካልሲ ነው የገባው። ቤቱን ሁሉ ዝም አሰኝተን እስኪመሽ እንቅልፏን ጠበቅንላት።

በስልክ ተኝታ ነው ያረፈችው፣ ሳትሰቃይ ነው ብዬህ ነበር። እውነቴን ነው፣ እንደዚያው ነበር።

እዚህ ላይ ተነስቼ ቁልፍ ስተክል ቆይቼ ነው የተመለስኩት።

ከእማ ወዲህ ይህ ቤት ሌላ ቤት ሆኗል። አልጋዋ አሁንም ከመጋረጃው ጀርባ ነው፣ የማስቀምጥበት ሌላ ቦታ ስለሌለኝ የተቆረጠ ጨርቅ እከምርበታለሁ። ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ሲጠፋና ውጭው ጭር ሲል እኔ እሰፋለሁ። እግሬን ከመርገጫው ሳነሳ መኪናዬ ይቆማል፣ ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ግን ይቀጥላል። ሲጥ፣ ሲጥ፣ ሲጥ። ለባለቤቴ ነገርኩት። መጀመሪያ እንጨቱ ደርቆ ነው ብሎ ብሎኖቹን አጠበቀ። ቀጥሎ አይጥ ነው አለ። አሁን ምሳውን ይዞ ደጅ ወጥቶ ይበላል።

ስፌቱን እንደ ልጅነታችን አዳምጠዋለሁ። ሱሪ አይደለም፣ ሱሪ መሐል ላይ ያርፋል። አንሶላም ቢሆን ጥጉ ጋ ሲደርስ ይዞራል። ይህ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ የት እንደሚዞር አላውቅም። ቶሎ ብዬ መጋረጃውን ስገልጠው ጨርቁ እንደከመርኩት ነው፣ አንዷ ቁራጭ እንኳ አልወደቀችም። እፈራለሁ ወንድሜ። የምፈራው እሷን አይደለም፤ እሷ ብትመጣማ በሩን ቆልፌ አላስወጣትም ነበር። የምፈራው ድምፁ ሲቆም ነው። ዝም ያለ ጊዜ ሮጬ ሄጄ የሆነ ሰው መቀስቀስ ያምረኛል። እሑድ ከሰዓት ባለቤቴን ጋደም ባለ ቁጥር እየነቀነቅኩ አስመርሬዋለሁ። ምን ፈለግሽ ይለኛል፤ ምንም እለዋለሁ።

ከዚያ የእኔም እግር ሌሊት ሌሊት መርገጥ ጀመረ። ባለቤቴ አንድ ጠዋት ዛሬ ስንት ሱሪ ጨረስሽ ሲለኝ ደንግጬ ወደ ሐኪም ሄድኩ። የላክህልኝን ጠርሙስና ደብዳቤህን በቦርሳዬ ይዤ ነው የሄድኩት፤ ልውጠው ወይስ ይቅር ብዬ ልጠይቃት። ሐኪሟ ገና ልጅ ናት፣ ግን ሰዓቷን ሳታይ ነው የምታዳምጠው። ጠርሙሱን አገላብጣ አነበበችና ይህ መርዝ አይደለም አለችኝ። ከቅጠላ ቅጠል፣ ከባቄላ፣ ከለውዝ የምናገኘው ነገር ነው፣ ጡንቻንና ነርቭን ያረጋጋል። በሰውነቱ ውስጥ ላነሰው ሰው እንቅልፉን ሊያሻሽልለት ይችላል፤ ላላነሰው ሰው ግን የሚወራለትን ያህል እንደሚሠራ ገና በእርግጠኝነት አይታወቅም አለች። እንደኔ ያለውን የእግር ነገር ብዙ ጊዜ የሚያመጣው የብረት ማነስ ነው ብላ ደሜን አስቀዳችው። እውነትም ብረቴ አንሶ ተገኘ። የእሱን መድኃኒት ጀምሬያለሁ፣ ለእኔ አታስብ።

ኩላሊትሽ ጤነኛ ስለሆነ ይህንንም በልኩ ብትውጪው አይጎዳሽም አለችኝ። ይህን ስትል ኩላሊት ከእንቅልፍ ጋር ምን አገናኘው አልኳት። ትርፉን በሽንት የሚያስወጣው እሱ ነው አለች። የደከመ ኩላሊት ያን ማድረግ ያቅተዋል፣ ስለዚህ ደም ውስጥ ይጠራቀማል። ሰውየው መጀመሪያ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል። ሰውነቱ ይሞቃል፣ ምላሱ ይተሳሰራል፣ ጡንቻው ይዝላል። ሲብስ ደግሞ ትንፋሹም ይዝላል።

ያኔ ስለ አንዲት ሴት ነገርኳት። የማውቃት ሴት ነበረች አልኳት፣ በዕድሜ የገፋች፣ ይህንኑ የምትውጥ። ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። እግሯ ያብጥ ነበር ወይ አለችኝ። ያብጥ ነበር አልኳት። ስንት ትውጥ ነበር አለችኝ፣ ነገርኳት። ለምን ያን ያህል አለችኝ። ምክንያቷን አልነገርኳትም፤ ሐኪሟ ብትስቅ የምችል አልመሰለኝም። ኩላሊቷን ተመርምራ ታውቅ ነበር ወይ አለች። ማን ያስመረምራታል፣ ታምማ አታውቅም አልኩ።

ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ የሴትየዋ ልጆች ይህን ያውቃሉ ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

አንዷ አሁን አወቀች አልኳት።

ውሃ ሰጠችኝ። ጠጥቼ እስክጨርስ ጠበቀችና ደሟ ሳይታይ ማንም ደፍሮ ይህ ነው ሊል አይችልም አለችኝ። ኩላሊቷ ራሱ ሊሆን ይችላል፣ ልቧ ሊሆን ይችላል፣ ኪኒኑ አፋጥኖትም ሊሆን ይችላል፤ አሁን የሚያውቅ የለም። ልታጽናናኝ ብላ ነው። እኔን ግን የሚያሳርፈኝን መልስ ነው የነሳችኝ፤ ነው ብትለኝ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር፣ አይደለም ብትለኝ እተኛ ነበር። ሌላኛው ልጅስ የት ነው አለችኝ። ሩቅ ነው አልኳት። እሱም ይወስዳል ወይ? ቀን ነው የሚተኛው፣ ይወስዳል አልኳት። እግሩስ? አለችኝ። ደብዳቤህን ከቦርሳዬ አውጥቼ ስለ ጫማህ የጻፍክበትን ቦታ በጣቴ አሳየኋት። አነበበችው፤ መልሳ አጠፈችልኝ። እንዲህ ያለው ነገር በዘር ሊመጣ ይችላል፣ ዛሬውኑ ጻፊለት፣ ሁሉን ባትነግሪው ለራሱ የሚበቃውን ያህል ንገሪው አለችኝ።

ይኸው ነገርኩህ። ዛሬውኑ ያለችኝን ግን ቀናት ወስዶብኛል። ስጀምርና ስቀድ፣ ከኪኒኑ ጀምሬ ወደ አየሩ ስሸሽ። ምንም ሳልጽፍልህ ብቀር የአንተ ልብ ሳይሰበር ይኖር ነበር፣ እግርህ ግን እያበጠ ነው። ልብህን ልጠብቅ ወይስ አንተን? እዚህ መኪና ላይ ተቀምጬ ያሰብኩት ይህን ብቻ ነው።

ያቺ ሴት ማን ናት ብለህ አትጠይቀኝ። በደብዳቤም አትጠይቀኝ፣ በስልክም፣ ስትመጣ ፊት ለፊት ተቀምጠንም አትጠይቀኝ። ሌላ የፈለግኸውን ጠይቀኝ። ስለ እሷ የግድ ማወቅ ካለብህ ይህን እወቅ፤ ጠርሙሱን ያንቃጨለችው በልጇ ልትኮራ ነው። እንዲህ ዓይነት ልጅ ያላት ሴት በዚህ መንደር አለች ወይ እያለች ነው የኖረችው። ልጇ እናቴ አንድ ሌሊት ትረፍ ብሎ ነው የላከው፣ ሌላ ምንም አላሰበም። እኔ ቀንም ሌሊትም የምቆጣው ሰው ፈልጌያለሁ። ፈልጌ አጣሁ። አንተም እንዳትፈልግ፣ በተለይ መስታወት ፊት ቆመህ እንዳትፈልግ፤ ታላቅህ ነኝ፣ ይህን ትእዛዝ አድርገህ ውሰደው። ማልቀስ ከፈለግህ አልቅስ። ከዚያ ፊትህን ታጠብና ክሊኒኩ ሳይዘጋ ሂድ።

ውጤቱን የሰማህ ሰዓት ደውልልኝ። ሥራ ላይ ትሆናለች አትበል፣ ተኝታ ይሆናል ብለህም አትተወኝ። ተኝቼ ከሆነ ቀስቅሰኝ። ባለቤቴ ካነሳውም ቀስቅሳት በለው፣ አሁን አሁን ለምዶታል።

ባለቤቴ ሰላም ብሎሃል። ከጎረቤት የጠየቀህን ሁሉ ብዘረዝር ወረቀቱ አይበቃኝም፤ ሁሉም ደህና ናቸው፣ ሁሉም መቼ ነው የሚመጣው ይላሉ።

ፈጣሪ ከክፉ ይሰውርህ። የሚያይህ ዓይን የፍቅር፣ የሚነካህ እጅ የመልካም ሰው ይሁን። የደከመ ጎንህን ያሳርፍልህ፣ ካሳረፈህ በኋላ ደግሞ ያንቃህ። በየቀኑ ያንቃህ።

ከእማ ቀጥሎ የምትወድህ፣
እህትህ